ልምምዱ ጠንካራ፣ መለኪያው ደካማ፦ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሚሰጥ የስሜታዊ ብልህነት የኦንላይን ሥልጠና ሲገመገም

በሥራዬ የአንደኛና የሁለተኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን አማክራለሁ። ከእነርሱ መካከል በርካቶቹ ስለ ስሜታዊ ብልህነት፣ ማለትም የራስንና የሌሎችን ስሜት ስለ መለየት፣ ስለ መረዳትና ስለ መምራት ችሎታ የሚሰጥ አንድ የኦንላይን ሥልጠና መውሰድ ይኖርባቸው እንደሆነ በተደጋጋሚ ስለጠየቁኝ፣ ራሴ ተመዝግቤ ሥልጠናውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተከታትየዋለሁ፤ አብረውኝ የተመዘገቡ ጥቂት ተማሪዎችም ሥልጠናው በሚያስሞላቸው የዕለት የስሜት መዝገብ ላይ የጻፉትን እንዳነብና ስማቸውን ሳልጠቅስ እንድጠቀምበት ፈቅደውልኛል። የአዘጋጁን ድርጅት ስም ሆን ብዬ አልጠቅስም። ለተማሪዎች የሚቀርቡት ተመሳሳይ ሥልጠናዎች ከሞላ ጎደል በአንድ ቅርጽ የተሠሩ በመሆናቸው፣ ከዚህ በታች የምለው ለዚህኛው ብቻ ሳይሆን ለብዙዎቹ የሚሠራ ይመስለኛል።

ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር። ሥልጠናው ስለ ራሱ በሚገባው ቃልና ተማሪውን በሚመዝንበት መጠይቅ ረገድ ደካማ ነው፤ ተማሪው እንዲሠራቸው በሚያዝዛቸው ልምምዶች ረገድ ግን፣ በተለይም ስለ ፈተና ጭንቀትና ሥራን ለነገ ስለማሳደር በተዘጋጁት ክፍሎቹ፣ እስካሁን ካየኋቸው የተማሪ ሥልጠናዎች ሁሉ ይበልጣል። ስለሆነም የሚያገኘው ጥቅም በአብዛኛው የሚወሰነው ተማሪው የትኛውን ክፍል በቁም ነገር እንደሚይዝና የትኛውን ዐይቶ እንደሚያልፍ ነው።

አገልግሎቱ አጫጭር የቪዲዮ ትምህርቶችን፣ በስልክ መተግበሪያ የሚሞላ የዕለት የስሜት መዝገብን፣ ከአንድ አወያይ ጋር በትንሽ ቡድን የሚደረግ የቪዲዮ ውይይትን፣ እንዲሁም በመግቢያውና በማጠቃለያው ላይ የሚሞላ መጠይቅን ያካትታል። የቪዲዮዎቹ ጥራት ጥሩ ነው፤ ድምፁ ይሰማል፣ ጽሑፉ ይነበባል፣ ትምህርቶቹም በሁለት የክፍለ ጊዜ መካከል በሚገኝ ክፍተት ሊታዩ የሚችሉ አጭር ናቸው። ስለዚህ ጉዳይ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

የመጀመሪያው ክፍል የሐሳቡን አመጣጥ ያስተምራል። ፒተር ሳሎቬይና ጆን ሜየር የተባሉ የሥነ ልቦና ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተሙት ጽሑፍ ጽንሰ ሐሳቡን ለምርምር በሚመች መልኩ እንዳቀረቡት፣ በ1997 ደግሞ ችሎታውን በአራት ቅርንጫፎች እንደከፈሉት፣ እነዚህም ስሜትን መለየት፣ ስሜትን ለአስተሳሰብ መጠቀም፣ ስሜት ከምን እንደሚመነጭና ወዴት እንደሚያመራ መረዳት፣ በመጨረሻም ስሜትን መምራት መሆናቸውን በትክክል ያስረዳል። ይህ ክፍፍል ለተማሪ ጠቃሚ ነው፤ ምክንያቱም «ስሜትህን ተቆጣጠር» ከሚለው የተለመደ ምክር በፊት ሌሎች ሦስት ሥራዎች እንዳሉ ያሳያል። ምን እንደተሰማውና ለምን እንደተሰማው ያላወቀ ሰው የሚቆጣጠረው ነገር አይኖረውም።

ይሁን እንጂ በዚያው ክፍል ውስጥ፣ በደማቅ ቀለም በተጻፈ ስላይድ ላይ፣ በሕይወት ለመሳካት 80 በመቶውን ድርሻ የሚይዘው ስሜታዊ ብልህነት እንደሆነ ይነገራል። ይህ አባባል በየሥልጠናው እየተደጋገመ የኖረ ስሕተት ነው። ምንጩ ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1995 ለሰፊው አንባቢ ያስተዋወቀው ዳንኤል ጎልማን የጻፈው ሲሆን፣ እርሱ ያለው ግን የአእምሮ ብልህነት መለኪያ የሰውን ስኬት ከሚወስኑት ነገሮች ቢበዛ 20 በመቶ ያህሉን እንደሚይዝና የቀረው 80 በመቶ በሌሎች ነገሮች እንደሚወሰን ነው። ከእነዚያ «ሌሎች ነገሮች» ውስጥ የቤተሰብ የኑሮ ደረጃም ዕድልም ይገኙበታል። ቀሪውን በሙሉ ጠቅልሎ ለስሜታዊ ብልህነት መስጠት የአንባቢን አለማጣራት መጠቀሚያ ማድረግ ነው። ተማሪን ስለ ማስረጃ አመዛዘን በሚያስተምር ተቋም ውስጥ ላለ ሰው የሚሸጥ ሥልጠና እንዲህ ባለ አኃዝ መጀመሩ ያሳዝናል።

አሳዛኝ የሚያደርገው ደግሞ እውነተኛው አኃዝ ራሱ በቂ መሆኑ ነው። ካሮሊን ማካንና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2020 ያሳተሙት ጥናት ቀደም ሲል የተሠሩ ከ150 በላይ ጥናቶችን፣ በድምሩም ከ42,000 በላይ ተማሪዎችን ያጠቃለለ ሲሆን፣ በስሜታዊ ብልህነትና በትምህርት ውጤት መካከል ያለው ዝምድና (0 ምንም ዝምድና አለመኖሩን፣ 1 ደግሞ ፍጹም ዝምድናን በሚያሳይበት መለኪያ) 0.20 አካባቢ ሆኖ ተገኝቷል። ይህ ትንሽ የሚመስል ቁጥር ነው፤ ወደ ድርሻ ሲቀየር በተማሪዎች መካከል ካለው የውጤት ልዩነት 4 በመቶ ገደማውን ብቻ ይወክላል። ነገር ግን የአንድ ተማሪ ውጤት በአእምሮ ብልህነቱ፣ በትጋቱ፣ በቀደመ ትምህርቱ፣ በጤናውና በገንዘብ አቅሙ ሁሉ የሚወሰን በመሆኑ፣ አንድ ብቻውን የቆመ ችሎታ ይህን ያህል መያዙ የሚናቅ አይደለም። ዝምድናው ከሳይንስ ትምህርቶች ይልቅ በሰብአዊ ትምህርቶች ላይ ጎልቶ መታየቱም ይገርማል፤ ታሪክና ሥነ ጽሑፍን ለመረዳት የሰውን ውስጣዊ ምክንያት ማንበብ እንደሚያስፈልግ ለሚያስብ ሰው ግን ብዙም የሚገርም አይደለም። ሥልጠናው ይህን ጥናት አንድም ቦታ ላይ አያነሣም።

ወደ መጠይቁ ልምጣ፤ የአገልግሎቱ ትልቁ ድክመት ያለው እዚህ ነው። ተማሪው ገና እንደገባ «የሌሎችን ስሜት በቀላሉ እረዳለሁ»፣ «በተናደድኩ ጊዜ ራሴን ማረጋጋት እችላለሁ» የሚሉና የመሳሰሉ ዓረፍተ ነገሮች ይቀርቡለትና በእያንዳንዱ ላይ ምን ያህል እንደሚስማማ ይሞላል። ከዚያም ከመቶ የታሰበ ነጥብ፣ ከአረንጓዴ እስከ ቀይ ባለ ቀለም ታጅቦ ይሰጠዋል። እንዲህ ያለው መጠይቅ የሚለካው ተማሪው ስለ ራሱ ያለውን ግምት ነው። የችሎታ ፈተና የሚባሉት ከዚህ ይለያሉ፤ ለምሳሌ ሜየርና ሳሎቬይ ከዴቪድ ካሩሶ ጋር ያዘጋጁት፣ 141 ጥያቄዎች ያሉት ፈተና ተፈታኙ ስለ ራሱ እንዲመሰክር ሳይጠይቅ፣ አንድን ሁኔታ አቅርቦ የትኛው ምላሽ የተሻለ ውጤት እንደሚያመጣ እንዲመርጥ ያደርጋል። ከላይ የጠቀስኩት የ2020 ጥናትም ልዩነቱን በግልጽ አሳይቷል፤ በችሎታ ፈተና የተለካው ስሜታዊ ብልህነት ከትምህርት ውጤት ጋር ያለው ዝምድና 0.24 ሲሆን፣ ተማሪው ለራሱ በሰጠው ነጥብ የተለካው ግን 0.12 ብቻ ነው።

ጉዳቱ በቁጥሩ አያበቃም። ኦሊቨር ሼልደን፣ ዴቪድ ደኒንግና ዳንኤል ኤምስ እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጡት ጥናት፣ በችሎታ ፈተና ዝቅተኛ ነጥብ ያመጡት ተሳታፊዎች ራሳቸውን ከሁሉ አብልጠው ከልክ በላይ የገመቱ ሆነው ተገኝተዋል፤ ደካማነታቸው ሲነገራቸውም ፈተናውን የማጣጣልና ለመሻሻል ያለመፈለግ ዝንባሌ አሳይተዋል። ይህ ማለት ሥልጠናው በጣም የሚያስፈልገው ተማሪ በመግቢያው መጠይቅ ላይ አረንጓዴውን ቀለም የማግኘት ዕድሉ ሰፊ ነው ማለት ነው። በአንጻሩ ራሱን በጥብቅ የሚመረምር፣ ከማንም በላይ የሰው ስሜት የሚገባው ተማሪ ራሱን ዝቅ አድርጎ ሞልቶ በቀዩ ቀለም ይደነግጣል። ከተመዘገቡት ተማሪዎች አንዷ፣ ጓደኞቿ ሲጣሉ ሁልጊዜ የምታስታርቅ ልጅ፣ ነጥቧን ዐይታ ሥልጠናውን ለማቋረጥ አስባ ነበር። ለማጠቃለያው መጠይቅማ ጨርሶ ዋጋ አልሰጠውም፤ የትኛው መልስ «ትክክል» እንደሆነ በሥልጠናው ሲነገረው የቆየ ሰው ነጥቡ መጨመሩ አይቀርም፤ ድርጅቱም ይህንኑ ጭማሪ የውጤታማነቱ ማስረጃ አድርጎ ያስተዋውቀዋል።

ከመጠይቁ ቀጥሎ የሚመጣው የዕለት የስሜት መዝገብ ግን ሌላ ነገር ነው። መተግበሪያው በየምሽቱ ሦስት ነገሮችን ይጠይቃል፤ ምን ተሰማህ፣ ምን ሲሆን ተሰማህ፣ ከዚያ ምን አደረግህ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት መዝገቦች ሁሉም አንድ ዓይነት ነበሩ፤ «ደብሮኛል»፣ «ጨንቆኛል»፣ «ዛሬ ደህና ነበርኩ»። መተግበሪያው እንዲህ ያለውን መልስ ዝም ብሎ አይቀበልም፤ የስሜት ስሞችን ዝርዝር ያቀርብና ይበልጥ የሚቀርበውን እንዲመርጥ ይጠይቃል። ሥጋት ነው፣ ሐፍረት ነው፣ ቅናት ነው፣ መከፋት ነው፣ መሰልቸት ነው ወይስ ብስጭት? አንድ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ከጊዜ በኋላ የጻፈውን እንዳለ ላስቀምጠው፦ «የቡድኑን ሥራ ሳቀርብ አንዱ ሲስቅ አየሁት። ተናደድኩ ብዬ ልመዘግብ ነበር። ቆይቼ ሳስበው ግን ያፈርኩ ነኝ፤ ስላይዱን ማታ እንዳልከለስኩት አውቃለሁ።» ንዴት ብሎ ቢተወው ኖሮ በማግስቱ ከሳቀው ልጅ ጋር የሚጣላ ሰው ነበር። ሐፍረት መሆኑን በማወቁ ግን ስላይዱን ለመከለስ ተቀመጠ። የአንድ ስሜት ትክክለኛ ስም ቀጥሎ የሚደረገውን ሥራ እንደሚለውጥ ከዚህ የተሻለ ማሳያ በሥልጠናው ቪዲዮዎች ውስጥ አላገኘሁም።

ለዚህ ልምምድ ከምርምርም ድጋፍ አለ። ማቲው ሊበርማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ጥናት፣ ስሜት የሚገልጹ ፊቶችን ያዩ ሰዎች ስሜቱን በቃል ሲሰይሙት አሚግዳላ በተባለው፣ እንደ ፍርሃት ላሉ ስሜቶች ምላሽ በሚሰጠው የአንጎል ክፍል የሚታየው እንቅስቃሴ ቀንሶ ተገኝቷል። የሥልጠናው አዘጋጆች ይህን በአንድ ደቂቃ በሚያልቅ ቪዲዮ በጥንቃቄ አስረድተዋል፤ «ስሙን ከጠራኸው ይጠፋል» ወደሚል ማጋነን አለመሄዳቸውንም አደንቃለሁ።

የፈተና ጭንቀትን የሚመለከተው ክፍል የሥልጠናው ምርጥ ክፍል ነው። መነሻው ቀላል ነው፤ ጭንቀት ጊዜያዊውን የማስታወስ አቅም ስለሚሻማ፣ የተጨነቀ ተማሪ የሚያውቀውን እንኳ በፈተናው ሰዓት ሊያጣው ይችላል። ጥያቄውን እያነበበ በጎን «ብወድቅስ? ቤተሰቤ ምን ይላል?» የሚል ሐሳብ የሚመላለስበት ተማሪ፣ ለስሌቱ ሊያውለው የሚገባውን አቅም ለሥጋቱ ከፍሏል። ጄራርዶ ራሚሬዝና ሲያን ባይሎክ እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት ጥናት፣ ከፈተና በፊት ለ10 ደቂቃ ያህል ስለ ፈተናው የተሰማቸውን ሥጋት በወረቀት ላይ እንዲጽፉ የተደረጉ፣ በተፈጥሯቸው ፈተና የሚያስጨንቃቸው ተማሪዎች ውጤታቸው ተሻሽሎ ተገኝቷል። ሥልጠናው ይህን ልምምድ በቀጥታ ያስተምራል፤ ምን እንደሚጻፍም ያሳያል። ጽሑፉ ለማንም አይታይም፣ ሰዋስው አይታረምም፣ ሥጋቱ እንዳለ ይዘረገፋል፣ ከዚያ ወረቀቱ ተጣጥፎ ይቀመጣል። ከዚሁ ጋር አሊሰን ውድ ብሩክስ እ.ኤ.አ. በ2014 ያሳየችውን፣ «ተረጋጋ» ብሎ ራስን ከመጫን ይልቅ የልብ ምትን መጨመር እንደ ጉጉት መቁጠር በንግግርም በሒሳብ ፈተናም የተሻለ ውጤት ማምጣቱን ያነሣል። ለብዙ ተማሪዎች ይህ ትልቅ እፎይታ ነው፤ ልባቸው መምታቱን እንደ ውድቀት ምልክት ሲያዩት ኖረዋልና።

በዚሁ ክፍል ስሜትን ውጦ መቀመጥ ስላለው ዋጋም ይነገራል። ጄን ሪቻርድስና ጄምስ ግሮስ እ.ኤ.አ. በ2000 እንዳሳዩት፣ የሚሰማቸውን ስሜት ከፊታቸው ላይ እንዳይነበብ አፍነው የያዙ ሰዎች በዚያ ጊዜ የሰሙትንና ያዩትን የማስታወስ አቅማቸው ይቀንሳል። የክፍል ውይይት ላይ ተዋርዶ ፊቱን ሳያጠቁር የተቀመጠ ተማሪ የቀረውን የትምህርት ሰዓት ሲያጣ ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል። ሥልጠናው ታዲያ «ስሜትህን አውጣው» ብሎ አያሳልፍም፤ ነገሩን በሌላ ዐይን መመልከትን፣ ማለትም መምህሩ ያረመው መልሱን እንጂ እርሱን አለመሆኑን ለራስ መንገርን ያስለምዳል። በቃል ሲነገር ቀላል የሚመስለው ይህ ነገር ጊዜ ይወስዳል፤ አዘጋጆቹም ይህን አልሸሸጉም።

ሥራን ለነገ ስለማሳደር የተዘጋጀው ክፍል ከጠበቅሁት በላይ ጥልቅ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ተማሪዎች ወደ እኔ ሲመጡ «ጊዜዬን መጠቀም አልቻልኩም» ይላሉ፤ የጊዜ ሰሌዳ እንዲሠራላቸውም ይጠይቃሉ። ፉሽያ ሲሮይስና ቲሞቲ ፒቺል እ.ኤ.አ. በ2013 እንዳስረዱት ግን፣ ሥራን ማሳደር በአብዛኛው ከሰዓት አጠቃቀም ይልቅ ስሜትን ከመምራት ጋር የተያያዘ ችግር ነው፤ ሰው የሚሸሸው ሥራው የሚያመጣበትን መጥፎ ስሜት ሲሆን፣ ሽሽቱም ለጊዜው ስለሚያሳርፈው ልማድ ይሆናል። ሥልጠናው ተማሪውን በልምምድ ይዞት ይሄዳል። አንዷ ተማሪ የጥናት ንድፏን ፋይል በከፈተች ቁጥር የአማካሪዋን ቀያይ አስተያየቶች ታይና ትዘጋዋለች፤ ከዚያም ክፍሏን ማጽዳት ትጀምራለች። ክፍሏ እንደዚያ ሰሞን ጸድቶ አያውቅም ስትል ቀልዳለች። መተግበሪያው የጠየቃት «ለምን አልሠራሽም?» ብሎ ሳይሆን «ፋይሉን በዘጋሽበት ቅጽበት ምን ተሰማሽ?» ብሎ ነው። መልሷ «ምንም የማላውቅ መሰለኝ» የሚል ነበር።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው ልምምድ የሥነ ልቦና ምሁሩን የፒተር ጎልዊትዘርን፣ «እንዲህ ሲሆን እንዲህ አደርጋለሁ» የሚል የዕቅድ አወጣጥ የሚከተል ነው። የልጅቷ ዕቅድ «ፋይሉን ከፍቼ ሆዴ ሲረበሽ፣ የመጀመሪያዋን አስተያየት ብቻ አንብቤ መልስ እጽፋለሁ» የሚል ሆነ። አጠቃላይ ቁርጠኝነት የማይደርስበትን ቦታ እንዲህ ያለ ጠባብ ዕቅድ ሊደርስበት ይችላል፤ ምክንያቱም ስሜቱ ራሱ ለሥራው ማስጀመሪያ ምልክት ይሆናል። በዚህ ላይ የሥልጠናው አዘጋጆች ማይክል ዎል፣ ፒቺልና ሻነን ቤኔት እ.ኤ.አ. በ2010 ያገኙትንም ጨምረውበታል፤ ለመጀመሪያው ፈተና ሳያጠኑ ጊዜ ማባከናቸውን ለራሳቸው ይቅር ያሉ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ለሚቀጥለው ፈተና ጥናታቸውን ማሳደር ቀንሰዋል። ራስን መውቀስ ያተጋል ብሎ ለሚያምን ተማሪ፣ ከተማሪዎቼም መካከል እንዲህ የሚያምኑ ብዙ ናቸው፣ ይህ የማይዋጥ ሐሳብ ነው። አወያዩ በቡድን ውይይቱ ላይ ተቃውሞውን በትዕግሥት ሰምቶ፣ ይቅር ማለት ጥፋቱን መካድ እንዳልሆነ በሚገባ አስረድቷል።

የሌሎችን ስሜት ስለ መረዳት በተዘጋጀው ክፍል ጥራቱ እንደገና ይወርዳል። የፊት ፎቶግራፎች ይቀርቡና ተማሪው ቁጣ፣ ፍርሃት፣ ሐዘን እያለ እንዲመርጥ ይደረጋል፤ መልሱም ልክ ወይም ስሕተት ተብሎ ይታረማል። ሊሳ ፌልድማን ባሬትና አራት ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጡት ሰፊ ግምገማ ሰዎች በተቆጡ ጊዜ ግንባራቸውን የሚያጨማድዱት በአማካይ 30 በመቶ በሚሆኑት አጋጣሚዎች ብቻ እንደሆነ፣ ሳይቆጡም በልዩ ልዩ ምክንያት እንደሚያጨማድዱት አሳይተዋል። በፎቶ ብቻ የሰውን ልብ አንብቤያለሁ ብሎ የሚተማመን ተማሪ ትኩረት ሰጥቶ የሚያዳምጠውን ጓደኛውን እንደተቆጣ ሊቆጥር ይችላል። ሥልጠናው «ምን ተሰማህ?» ብሎ መጠየቅን ከፎቶው በፊት ቢያስተምር በተሻለ ነበር።

በቡድን ሥራና ከመምህር ጋር በሚደረግ ግንኙነት ላይ የተሠሩት ልምምዶች ግን ይህን ጉድለት በከፊል ይክሳሉ። ተማሪው ያልጠበቀውን ዝቅተኛ ነጥብ ባገኘ ጊዜ ለመምህሩ ሊልክ ያሰበውን መልእክት ወዲያው ጽፎ ሳይልክ እንዲያሳድረውና በማግስቱ እንዲከልሰው ይታዘዛል። ከተማሪዎቹ አንዱ በመጀመሪያው ቀን የጻፈው «ለምን እንደቀነሱብኝ ሊገባኝ አልቻለም፤ ሌሎቹ እንደኔ ጽፈው አግኝተዋል» የሚል ነበር። በማግስቱ «በሦስተኛው ጥያቄ ላይ የሰጠሁት መልስ የጎደለው የቱ ላይ እንደሆነ ቢያሳዩኝ፣ ለሚቀጥለው ይረዳኛል» ወደሚል ቀየረው። ሁለቱም የሚሉት ቅር መሰኘቱን ነው፤ መልስ የሚያስገኘው ግን ሁለተኛው ነው። በቡድን ሥራ ላይም «አንተ ሁልጊዜ ታረፍዳለህ» የሚለውን፣ በተወሰነ ቀን የሆነውንና ያስከተለውን ወደሚገልጽ ንግግር መለወጥን በሁለት በሁለት ሆነው ይለማመዳሉ። ተዋናዮቹ በቪዲዮ ያሳዩት ትዕይንት የተጋነነ በመሆኑ ተማሪዎቹን አስቋቸዋል፤ እርስ በርሳቸው ሲለማመዱት ግን ሳቁ ቆመ።

አሁን ሥልጠናው ስለማይናገረው ላንሣ። ከመግቢያው እስከ ማጠቃለያው የሚነገረው ሁሉ ችግሩ በተማሪው ውስጥ እንዳለና መፍትሔውም ከእርሱ እንደሚመነጭ አድርጎ ነው። ግልጽ ያልሆነ የነጥብ አሰጣጥ፣ በአንድ ሳምንት ላይ የተቆለሉ ፈተናዎች፣ ወይም በክፍል ውስጥ ተማሪን የሚያዋርድ መምህር ባለበት ቦታ፣ የተማሪው ቁጣ በትክክል የሚመራ እንጂ የሚታከም ነገር አይደለም፤ ቁጣው ለአቤቱታ የሚያነሣሣ ትክክለኛ መረጃ ነው። ሳሎቬይና ሜየር ስሜትን ለአስተሳሰብ ስለመጠቀም የጻፉትን ከሚያስተምር ሥልጠና ይህን መጠበቅ ከመጠን ያለፈ አይመስለኝም። በሌላ በኩል ደግሞ እንቅልፍ ያጣ፣ ምግብ ያስጠላው፣ ለሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ምንም የማያስደስተው፣ ወይም ሕይወቱን ስለማጥፋት የሚያስብ ተማሪ የሚያስፈልገው የስሜት መዝገብ ሳይሆን የጤና ባለሙያ ነው። ሥልጠናው ይህን የሚናገረው በመጨረሻው ገጽ ግርጌ፣ በትንንሽ ፊደል በተጻፈ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። መዝገቡን በየምሽቱ የሚያነብ መተግበሪያ ተከታታይ የጨለሙ መልሶችን ዐይቶ እንኳ «ባለሙያ አነጋግር» የሚል ምክር ሳያሳይ ማለፉን በዐይኔ ተመልክቻለሁ። ይህ በአስቸኳይ ሊታረም የሚገባው ጉድለት ነው።

የመረጃ ምስጢራዊነትም ሌላው ጉዳይ ነው። ተማሪው በመዝገቡ የሚጽፈው ለአወያዩ እንዲታይ ሆኖ አስቀድሞ የተስተካከለ ሲሆን፣ ይህን ለመቀየር ወደ መተግበሪያው የቅንብር ገጽ ገብቶ ሦስት ንዑስ ገጾችን ማለፍ ያስፈልጋል፤ የተጻፈውን ለማጥፋት ደግሞ በኢሜይል ማመልከት ግድ ነው። ኢሜይል ልኬ ጠፍቶልኛል፤ ሆኖም መልሱ እስኪመጣ ደጋግሜ ማሳሰብ ነበረብኝ። ቅናትና ሐፍረት የሚጻፍበት መዝገብ ማጥፊያው በአንድ ቁልፍ ሊሆን በተገባ ነበር። የምስክር ወረቀቱም ቪዲዮዎቹን ተመልክቶ መጠይቁን ለሞላ ሁሉ ይሰጣል፤ መዝገቡን አንድ ቀን ሳይሞላ የምስክር ወረቀቱን ያገኘ ተማሪ አለ። የአወያዩ ውይይት ግን በሙሉ ልብ የምመሰክርለት ነው፤ ቡድኑ ትንሽ በመሆኑ ሁሉም ይናገራል፣ ዝም ያለውም በስሙ ይጠራል።

ለተማሪዎቼ የምሰጠው ምክር እንግዲህ የሚከተለው ነው። የመግቢያውን መጠይቅ ሳይሞሉ ማለፍ ስለማይቻል ይሙሉት፤ ነጥቡን ግን አይመኑት፣ ለማንም አያሳዩት፣ በሥራ ማመልከቻ ላይም አይጻፉት። የመዝገቡን የታይነት ቅንብር ከመጀመሪያው ምሽት በፊት ይለውጡ። ጊዜ የሌለው ሰው ስለ ፈተና ጭንቀትና ሥራን ስለማሳደር የተዘጋጁትን ሁለት ክፍሎች ብቻ ይውሰድ፤ እነዚህም የሚጠቅሙት ፈተና ከመድረሱ ቢያንስ ከጥቂት ሳምንታት በፊት ሲጀመሩ ነው፤ በፈተና ዋዜማ የተማሩት ልምምድ ራሱ ተጨማሪ ጭንቀት ይሆናልና። የፊት ፎቶዎቹን ይዝለሏቸው። አንደኛ ዓመት ላይ ያለ፣ ከቤቱ ርቆ አዲስ ጓደኛና አዲስ መምህር የገጠመው ተማሪ ከሁሉም የበለጠ ይጠቀማል፤ ተመራቂ ለሆነና የሥራ ቃለ መጠይቅን ብቻ አስቦ ለሚመጣ ተማሪ ግን ይህን ሥልጠና አልመርጥለትም፤ ስለ ቃለ መጠይቅ ያለው አንድ ቪዲዮ ብቻ ሲሆን እርሱም ስለ አለባበስና ስለ ፈገግታ የሚያወራ ነው።